ላክሮስን ከእጅ ኳስ ሜዳ መጀመር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የስፖርት መምህርት ነኝ፤ የሴቶች እጅ ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። ላክሮስ እ.ኤ.አ. በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ እንደሚገባ ሰማሁ። ተጫውቼው የማላውቀውን ጨዋታ ማሠልጠን እችላለሁ? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ይችላሉ። ላክሮስ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየቀለቡና እየወረወሩ ግብ የሚያስቆጥሩበት ጨዋታ ነው፤ ከእጅ ኳስ መምጣትዎም ይጠቅምዎታል። ወደ ኦሊምፒክ የሚገባው ስድስት ለስድስት የሚደረገው ላክሮስ ነው፤ ሜዳው 70 በ36 ሜትር፣ ጨዋታው 8 ደቂቃ የሚቆዩ 4 ሩቦች። ኳስ የያዘው ቡድን በ30 ሰከንድ ውስጥ ወደ ግብ መምታት አለበት። ግብ ሲቆጠር ወደ መሐል መመለስ የለም፤ ግብ ጠባቂዋ ወዲያው ከክልሏ ታስጀምራለች። ልጆችዎ የለመዱት ፈጣን መልሶ ማጥቃት እዚህ በደንብ ይሠራል።

የማይሠራው የመከላከል ልማዳቸው ነው። በእጅ ኳስ ተከላካይ አጥቂዋን በደረቷ ታቆማለች፤ በሴቶች ላክሮስ ግን መግጨትና መግፋት ጥፋት ነው፣ ዱላን ወደ ጭንቅላት ማስጠጋትማ ከሁሉ የከፋ። ተከላካይ የምትከለክለው በእግሯ ፍጥነት ነው። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ዱላ ሳያስይዙ ያለማምዱ፤ ዱላ ከያዙ በኋላ ማረም ይከብዳል።

የሴቶች ዱላ ከ90 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር ነው። የጎማው ኳስ ከ142 እስከ 149 ግራም ስለሚመዝን በ58 ግራም ገደማ በሚመዝነው የቴኒስ ኳስ ይጀምሩ። መጀመሪያ ኳስን ከመሬት ማንሳት ይምጣ፦ ጉልበት ይታጠፍ፣ ሁለቱም እጆች ዱላውን ይያዙ፣ ዱላው ከመሬት ጋር ሊተኛ ምንም አይቅረው፣ ልጅቷም ሳትቆም ኳሱን አልፋ ትሩጥ። ዱላው ቀጥ ካለ ኳሱን ወደፊት ይገፋዋል እንጂ አያነሳውም። የገና ጨዋታ እያዩ ያደጉ ልጆች ደግሞ ሩር እንደሚመታ ኳሱን መምታት ይቀናቸዋል፤ በትዕግሥት ያርሟቸው።

ሲቀልቡ ዱላውን ወደ ኳሱ መወርወር ትልቁ ስሕተት ነው፤ ኳሱ ነጥሮ ይወጣል። የሚወድቅ ስኒ እንደሚቀልብ ሰው፣ ኳሱ መረቡን ሲነካ እጅ ወደኋላ ይሸሽ። በመወርወር ጊዜ የእጅ ኳስ ልጆች የላይኛውን እጅ ብቻ ይገፋሉ። ጉልበቱ ግን የታችኛው እጅ የዱላውን ጫፍ ወደ ሰውነት ሲስብ ነው የሚመጣው። ከግድግዳ 4 ወይም 5 ሜትር ርቀው በቀኝ 50፣ በግራ 50 ጊዜ ይወርውሩ፤ የግራውን አይተዉት።

አወራወሩ ትክክል ሆኖ ኳሱ መሬት ላይ ከወደቀ መረቡ ጠልቋል፤ ኳሱ ዘግይቶ ይለቀቃል። ሩጫ ላይ በቀላሉ የሚያመልጥ ከሆነ ደግሞ በጣም ተወጥሯል። ስለዚህ ልጅቷን ከመውቀስዎ በፊት መረቡን ይዩ።

ጥያቄ፦ ሐይቁ አጠገብ ያለው ሜዳችን በክረምት ጭቃ ይሆናል። በዚያ ላይ የግብ ጠባቂ ልብስ የለንም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በክረምት ወደ ሲሚንቶው የእጅ ኳስ ሜዳ ይግቡ። 40 በ20 ሜትር አራት ለአራት ለመጫወት ይበቃል፣ ግን በቴኒስ ኳስ ብቻ፤ የጎማው ኳስ በሲሚንቶ ላይ ክፉኛ ይነጥራል። ዝናብ የነካው የዱላ መረብ ስለሚረግብ በጥላ አድርቁት።

የግብ ጠባቂዋን ነገር በቀላሉ አትዩት። ፊትና ጉሮሮ የሚሸፍን የራስ ቁርና የደረት መከላከያ እስኪገኝ ድረስ ማንም ልጅ በጎማ ኳስ ፊት አትቁም። እስከዚያው በግቡ አራት ማዕዘኖች ላይ ጨርቅ አንጠልጥላችሁ ዒላማ አድርጉት። ግቡን ብረት በያጅ ይሠራላችኋል፤ ወርዱም ቁመቱም 1.83 ሜትር ነው። ለመረቡ ቀጭኑ የዓሣ መረብ አይበቃም፤ ወፍራም ክር፣ ቀዳዳውም ከ4 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ይሁን። የአፍ መከላከያ ለእያንዳንዷ ለየራሷ ነው፤ መዋዋስ የለም።

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ ተምራለች፤ ኮሌጅ ውስጥ ላክሮስ ትጫወት ነበር። አሁን አሠልጣኝ ልሁን ትላለች። እንጀራ ይወጣዋል?

መልስ፦ እናት ሆነው ቢጨነቁ አይፈረድብዎትም፤ ሥራው ግን እውነተኛ ሙያ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ሻምፒዮና የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር በኤንሲኤኤ ሥር እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ይካሄዳል። የተለመደው መንገድ ከተጫዋችነት ወደ ረዳትነት፣ ከዚያ ወደ ዋና አሠልጣኝነት ነው። ኬሊ አሞንቴ ሂለር በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በአሠልጣኝ ሲንዲ ቲምቻል ሥር ተጫውታ ሻምፒዮን ሆነች፤ በኋላ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲን ቡድን ይዛ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት 7 ጊዜ ዋንጫ አነሣች።

ልጅዎ ልታውቀው የሚገባው የሥራው ክብደት ሜዳ ላይ እንዳልሆነ ነው። ውድድሩ በጸደይ ያልቃል፤ የተቀረው ዓመት ተጫዋች ፍለጋ፣ ጉዞ፣ የተቀረጸ ጨዋታ ማየትና የተማሪዎችን ውጤት መከታተል ነው። ሕጉም ጥብቅ ነው፦ የኤንሲኤኤ አንደኛ ምድብ (ከፍተኛው ደረጃ) አሠልጣኝ ተማሪዋ 11ኛ ክፍል ገብታ ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 1 የሚሉት ቀን እስኪደርስ ስለ ምልመላ ሊያነጋግራት አይችልም። ለመጀመር የሚቀርበው በር የታዳጊ ክለብ ረዳትነት ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ዳኝነት ትማር፤ ጥፋት የት እንደሚጀምር የምታውቅ አሠልጣኝ ተከላካዮቿን ከቅጣት ታድናለች።