በእንግሊዝኛ «ላይክ» (like) እና «አዝ» (as)፣ ማለትም «እንደ»፣ ያለበት ሁሉ ሲሚሊ (ተነጻጻሪ ዘይቤ) ነው ወይ? ስለ እምቦጭ ኤሴይህም ጭምር

አይደለም። «ጣና እንደ መስታወት ነው» ሲሚሊ ነው፤ ሐይቅና መስታወት ዘራቸው የተለያየ ነዋ። «የኔ ታንኳ እንደ አንተ ታንኳ ናት» ግን ተራ ንጽጽር ነው። «አይ ላይክ ባሕር ዳር» (ባሕር ዳርን እወዳለሁ) ላይ ደግሞ «ላይክ» ግስ ነው፤ ፈተና ላይ የምትወደድ ወጥመድ። «እንደ»ን አውጥተህ «ጣና መስታወት ነው» ካልክ ሜታፎር (ተለዋጭ ዘይቤ) ሆነ።

ኤሴይህ ላይ «ስለ እምቦጭ እጽፋለሁ» ያልከው ርዕስ እንጂ ቴሲስ (የጽሑፉን ዋና ሐሳብ የሚናገር ዓረፍተ ነገር) አይደለም። «እምቦጭ የጣናን ዓሣ አጥማጆች የሚጎዳው መረባቸውን በማበላሸትና የጀልባ መንገድ በመዝጋት ነው» በልና የመግቢያው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አድርገው። ከዚያ መረቡ አንድ አንቀጽ፣ መንገዱ ሌላ አንቀጽ።

አደራ፣ መደምደሚያው ላይ «ግጦሽም ይበላሻል» ብለህ አዲስ ምክንያት እንዳታመጣ፤ ማስረጃ የምታቀርብበት ቦታ ስለማይኖርህ ነጥብ ያስቆርጥሃል። ካስፈለገህ ቀድመህ ቴሲሱ ውስጥ አስገባውና የራሱን አንቀጽ ስጠው።