የጣሪያ ውሃ፣ አሸንዳና ሴት ተማሪዎች፦ ጥያቄና መልስ ከአዳማ

በአዳማና አካባቢዋ የሚያስተምሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሴቶችንና ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎችን በበጎ ፈቃድ ሥራ ወደ ምህንድስና ስለመሳብ ላነሷቸው ጥያቄዎች አንድ ሲቪል መሐንዲስ የሰጠው መልስ።

ጥ፦ በዘጠነኛ ክፍል መጀመር ገና አይደለም?
መ፦ ጊዜው እሱ ነው። 11ኛ ሲገቡ ተፈጥሮ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማግባባቱ ረፍዷል።

ጥ፦ ችግኝ እናስተክላለን፣ ጽዳት እንወጣለን። አይበቃም?
መ፦ መልካም ሥራ ነው፤ ልኬትና ስሌት ግን የለበትም። ልጅቷ ራሷ ወስና፣ ተሳስታ የምታርመው ነገር ያስፈልጋል። እኔ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀምን እመርጣለሁ። ቡናማ ጥርስ ለስምጥ ሸለቆ ልጅ እንግዳ አይደለም፤ ምክንያቱ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚገኝ ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ማፍላት አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይብስበታል። ዝናብ ግን ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ለመጠጥ ከሆነ በክሎሪን ይታከም።

ጥ፦ ስሌቱ አይከብዳቸውም?
መ፦ 1 ሚ.ሜ ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 8 በ6 የሆነ፣ ወደ አንድ ወገን የሚያፈስ ጣሪያ 48 ካሬ ነው፤ 20 ሚ.ሜ ሲዘንብ 960 ሊትር፣ የሚባክነው 20 በመቶ ሲቀነስ 768። የ1,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል። ቆርቆሮውን በተዳፋቱ አትለኩ፤ የሚቆጠረው መሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት ነው።

ጥ፦ የሚበላሸው የቱ ጋ ነው?
መ፦ አሸንዳው ላይ፣ ማለትም የጣሪያውን ውሃ ተቀብሎ ወደ ሮቶ በሚወስደው ቦይ ላይ። በዓይን ግምት ከተገጠመ መሀሉ ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ቅጠል ይበሰብስበታል። በየሜትሩ 1 ሴ.ሜ ዝቅ ይበል፤ ለ8 ሜትር 8 ሴ.ሜ። ለዚህ ውሃ የተሞላ ነጭ ቱቦ ይበቃል፦ ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን ይዘው ውሃው ሲረጋ በየበኩላቸው ምልክት ያደርጋሉ፤ ከዚያ በመውረጃው በኩል 8 ሴ.ሜ ዝቅ ተብሎ ሲባጎ ይወጠራል። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ልኩ ይስታል። አረፋውን ፈልገው ያግኙት፤ አትንገሯቸው።

ሙሉ ሮቶ 1 ቶን ስለሚመዝን የእንጨት ቆጥ አይችለውም፤ የድንጋይ ግንብ ሥሩለት። አቧራና የወፍ ኩስ የሚያጥበው የመጀመሪያው ዝናብም፣ በካሬ ግማሽ ሊትር ሂሳብ 24 ሊትር፣ ሮቶ ሳይገባ ይደፋ።

ጥ፦ ሴቶቹ ይመዘገቡና ይቀራሉ።
መ፦ ትራፓኖውን ማን እንደያዘ እዩ። ወንዶቹ ሲበሱ ሴቶቹ ቃለ ጉባኤ የሚጽፉ ከሆነ መቅረታቸው አይደንቅም። አራት አራት ሆነው በየሳምንቱ ሥራ ይቀያየሩ። ቅዳሜን ተዉት፤ የልብስ አጠባና የገበያ ቀን ነው። ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎችን ከጋበዛችሁ ንግግር ይቅር፣ ቱቦ ይያዙ።

ጥ፦ መቼ እንጀምር?
መ፦ የካቲት ልኬት፣ መጋቢት ግዢ፣ ሚያዝያ ገጠማ። በሰኔ ከጀመራችሁ ተማሪው ለፈተና ይበተንና አሸንዳው መሬት ላይ ተጋድሞ ይከርማል።