ስኳር ያለባችሁ፣ ስለ ዓይን ምርመራ ጠይቁኝ

የዓይን ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ጅማ። ስኳር ያለባችሁ ስለ ዓይናችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ አጥርቼ ነው የማየው። ለምን ልመርመር?

መልስ፦ ተንኮሉ እሱ ላይ ነው። ስኳር የሚጎዳው ረቲና ላይ፣ ማለትም ዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ብርሃን በሚቀበለው ሽፋን ላይ ያሉትን ደቃቅ የደም ሥሮች ነው። ሥሮቹ ማፍሰስ ጀምረው እንኳ አንተ ደህና ታያለህ። «ሲያመኝ እመጣለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ይሄ ግን አያምም። ዓይነት 2 ከሆነ ስኳሩ እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ከሆነ ከታወቀ በ5 ዓመት ውስጥ ምርመራ ትጀምራለህ። ከዚያ በየዓመቱ፣ ሐኪሙ ሌላ ካላለህ።

ጥያቄ፦ መርካቶ መነጽር ቤት ታይቼ ደህና ነህ ተባልኩ። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። እዚያ ፊደል አስነብበው የመነጽር ቁጥር ነው የለኩልህ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለ፤ ለስኳር ክትትል ስትሄድ «ረቲናዬ ይታይልኝ» በል። ካላልክ ማንም ላያስታውስህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ለምርመራው ዓይን ውስጥ የሚጨመረው ጠብታ ያስፈራኛል።

መልስ፦ ጠብታው ረቲናው እንዲታይ ብሌንህን ለማስፋት ነው። ለአፍታ ያቃጥላል፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ትላለህ። ስትወጣ የስልክህ ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ ፀሐዩ ዓይንህን ይወጋዋል፣ ለሰዓታት። ስለዚህ በዚያን ቀን ባጃጇን ቤት ተዋት፤ በዚያ ዓይን ሰው ጭነህ እንዳትነዳ፣ አደራ። ኮፍያ ያዝ፣ ሰው ቢከተልህም ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ አጋሮ ናት፤ ስኳር አለባት፣ ዓይኗ ደብዝዟል። ሞራ ነው ብለን ትተነዋል።

መልስ፦ ሞራ ሊሆን ይችላል፣ ስኳር እሱንም ያፋጥነዋል። ግን ከሞራው ጀርባ ረቲናዋም ተጎድቶ ከሆነ፣ ሞራው ቢገፈፍም እንደጠበቃችሁት ላታይ ትችላለች። ይዘሻት ነይ እህቴ፣ የስኳርና የግፊት ደብተሯንም አትርሺ።

ጥያቄ፦ ለተጎዳ ረቲና የሚሰጠው የሌዘር (የጨረር) ሕክምና ዓይን ያጠፋል ይባላል።

መልስ፦ ኧረ ተዉ! ሌዘርም ሆነ ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ ያለውን እይታ ለማትረፍ ነው። ሰው ዓይኑ ሊጠፋ ሲል ይመጣና ክፉ ስሙ ለሌዘሩ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ከድሮም ስኳር አለብኝ፣ አሁን ደግሞ አርግዣለሁ።

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ታዪ። እርግዝና የዓይን ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል።

ጥያቄ፦ ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜ አለ?

መልስ፦ አለ። ድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ዓይናችሁ ፊት ከዘነበ፣ ወይ መጋረጃ የወረደ ከመሰላችሁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ።