ሞኒተሩ ዱላ ሲይዝ፦ ስለ «ኢፍ....» ለጠየቃችሁኝ

ከሁለት ሳምንት በፊት እዚሁ ዓምድ ላይ «ኢፍ....» የሚባለውን ፊልም እዩት ብዬ ነበር። ላላያችሁት ባጭሩ ልድገመው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራ የእንግሊዝ ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ሊንዚ አንደርሰን ይባላል። ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ሚክ ትራቪስ የሚባል ተማሪና ሁለት ጓደኞቹ ከተማሪ አለቆቹ ጋር ይጣላሉ፣ ይገረፋሉ፣ በመጨረሻም በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን ጣራ ላይ ወጥተው እንግዳው ላይ ይተኩሳሉ። የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ።

ፊልሙ አንዴ ባለቀለም፣ አንዴ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ቴሌቪዥኔ ተበላሸ ብዬ ሪሞቱን ስደበድብ አመሸሁ። ጥቁርና ነጩ ሕልም ነው?

ሪሞቱን ይቅርታ ጠይቀው። ነገሩ የተጀመረው በብርና በመብራት ምክንያት ነው። ካሜራውን የያዘው ሚሮስላቭ ኦንድሪቼክ የሚባል የቼኮዝሎቫኪያ ሰው ነበር። የትምህርት ቤቱ ጸሎት ቤት ሰፊ ነው፤ መስኮቶቹም ባለቀለም መስታወት ናቸው። ፀሐይዋ ወጣ ገባ ስትል ብርሃኑ ይቀያየራል። በያዙት በጀት ቀለሙን ከቀረጻ ቀረጻ አንድ ዓይነት ማድረግ እንደማይችል ተናገረ። ስለዚህ ያንን ክፍል በጥቁርና ነጭ ቀረጹት። አንደርሰን ውጤቱን አይቶ ወደደውና ደስ ባለው ቦታ ሁሉ ጨመረበት። የተደበቀ ቁልፍ የለውም። ካፌ ውስጥ «ጥቁርና ነጩ የሚክ ሕሊና ነው» የሚል ሰው ከገጠመህ ቡናህን ጠጣ።

ፐብሊክ ስኩል ይላሉ፣ ልጆቹ ግን የጌታ ልጆች ናቸው። ፐብሊክ የመንግሥት ማለት አይደለም እንዴ?

እንግሊዝ አገር ተገላቢጦሽ ነው። ፐብሊክ ስኩል የሚባሉት ብዙ ክፍያ የሚጠይቁ የቆዩ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው። ስሙ የመጣው ድሮ ከየትም አካባቢ የመጣ፣ የሚከፍል እስከሆነ ድረስ ይማርበታል ለማለት ነው። የመንግሥቱን ስቴት ስኩል ይሉታል።

አባቴ ዊንጌት አዳሪ ነበሩ። ፊልሙን አብረን አየንና «አልጋውን አውቀዋለሁ፣ ዱላውን ግን አላውቀውም» አሉኝ። ዝምድና አለው?

አባትዎን ሰላም ይበሉልኝ። ዝምድናው በአሠራሩ ነው። ጄኔራል ዊንጌት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከፈት በብሪቲሽ ካውንስል በኩል እንግሊዞች ናቸው የመሩት። የአዳሪውን ሥርዓት ከአገራቸው ይዘው መጡ። ልጆቹ ግን ሌላ ናቸው። ዊንጌት የገቡት ከየጠቅላይ ግዛቱ በትምህርታቸው ተመርጠው ነው። የፊልሙ ልጆች የገቡት አባታቸው ስለከፈለ ነው።

መምህራኑ የት ሄዱ? ልጆች ልጆችን ሲገርፉ ለምን ዝም ይላሉ?

ከደረሱኝ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ሰው ፊልሙን ስለ ጣራውና ስለ ጠመንጃው ያወራዋል። እኔ ደግሞ ስለ ሞኒተር ነው እላለሁ።

ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩ ይወጣሉ። ሞኒተሩ ጠመኔ ያነሳል። ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረባሾች» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ ያሰምርበታል። የሚጠላው ልጅ ስም ይቀድማል። ልጁ «ኧረ ምን አደረግሁ?» ሲል ስሙ አጠገብ ×2 ይጨመራል። ጓደኛው ግን እየጮኸ አይጻፍም። አሁን ይህንን ሞኒተር አሥራ ስምንት ዓመት አድርጉት፣ የሚያምር ሰደርያ አልብሱት፣ እጁ ላይ ዱላ አስጨብጡት። የፊልሙ አለቆች እነሱ ናቸው። መጠሪያቸው ራሱ «አለንጋዎች» እንደማለት ነው። ትንንሾቹን ደግሞ «ዝቃጭ» ብለው ይጠሯቸዋል። ራውንትሪ የሚባለው አለቃ ሽንት ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ ትንሽ ልጅ ቀድሞ መቀመጫውን እንዲያሞቅለት ያዝዛል። ልጁም ሄዶ ያሞቃል።

ግርፋቱ ያለበትን ክፍል ደግማችሁ እዩት። ቦታው የስፖርት አዳራሽ ነው። ገራፊው ከዳር ተነስቶ እየሮጠ መጥቶ ነው የሚመታው። ተረኞቹ ውጭ ቆመው እግሩ ወለሉን ሲመታ፣ ቀጥሎ ዱላው ሲያርፍ ይሰማሉ። ሚክ ከጓደኞቹ በላይ ይገረፋል። ሲያበቃ ደግሞ ገራፊውን ጨብጦ ያመሰግናል፤ ደንብ ነው። እኔ ከመጨረሻው ተኩስ ይልቅ ይቺ መጨባበጥ ናት የምትዘገንነኝ።

መምህራኑማ አሉ። አንዱ በብስክሌት እየዘፈነ ክፍል ይገባል። ርዕሰ መምህሩ ስለ ዘመናዊ ትምህርት ይደሰኩራሉ። ግቢውን ግን ልጆቹ ያስተዳድሩላቸዋል። ዛሬ መቀመጫ የሚያሞቀው ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ የሚያስሞቅ ይሆናል። ተራውን ስለሚጠብቅ አይጮኽም። ዱላ የሚጨምር መምህር እንኳ አያስፈልግም።

ጣራ ላይ ወጥቶ እንግዳ መደብደቡ ከአንድ የፈረንሳይ ፊልም የተሰረቀ ነው ይባላል። እውነት?

ስርቆት አትበይው፤ አንደርሰን ራሱ አልደበቀውም። ፊልሙ የዣን ቪጎ «ዜሮ ደ ኮንዲዊት» ነው፤ በእኛ «ለጠባይ ዜሮ» ይሆናል። ካርዳችን ላይ «ጠባይ» የምትል መስመር አልነበረችም? እሷው ናት። እዚያ ትምህርት ቤት ለጠባይ ዜሮ ያገኘ ልጅ እሁድ ከግቢ አይወጣም።

የቪጎ ታሪክ ራሱ ፊልም ይወጣዋል። አባቱ ሚጌል አልሜሬይዳ በሚል ስም የሚጽፍ አናርኪስት (መንግሥት አያስፈልግም ባይ) ጋዜጠኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 እስር ቤት ውስጥ በጫማ ማሰሪያ ታንቆ ተገኘ። ልጁ ያኔ 12 ዓመቱ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ እንዳይታወቅ በሌላ ስም አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት። ፊልሙ ውስጥ ታባር የሚባለው ልጅ እጁን ለሚደባብሰው መምህር አንድ ጸያፍ ቃል ይወረውራል። አባትየው በጋዜጣው ለመንግሥት በትልቅ ርዕስ የጻፋትን ቃል ነው የሚደግመው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1933 ታየና ወዲያው ታገደ። እገዳው የተነሳው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ቪጎ ግን በጥቅምት 1934 በ29 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞቷል። ሲፈታ አላየውም።

የሚያስፈራ ፊልም እንዳይመስልሽ። ርዕሰ መምህሩ ትልቅ ጢም ያለው ድንክ ነው። ልጆቹ ያመፁበት አንዱ ምክንያት በየቀኑ ቦሎቄ ነው። አዳሪ የኖረ ሰው ይገባዋል። ማታ መኝታ ቤቱ ውስጥ በትራስ ይደባደባሉ፤ ትራሱ ይቀደድና ላባው እንደ በረዶ ይወርዳል። ከዚያ ሁሉም ነገር ቀስ ይላል፤ ልጆቹም በላባው መሐል እንደ ዑደት ሰልፍ ይጓዛሉ። ሙዚቃውን የሠራው ሞሪስ ዦበር ነው። ዜማውን ከኋላ ወደፊት ጽፎ አስጫወተና ቅጂውን መልሶ ገለበጠው። ስለዚህ ዜማው ወደፊት እየሄደ ድምፁ ወደኋላ የሚተነፍስ ይመስላል። ከጣራው ላይ የሚወረውሩትም አሮጌ መጽሐፍ፣ ጫማና ቆርቆሮ ነው። እንግሊዞቹ ጋ ሲደርስ ነው ጥይት የሆነው።

«ኢፍ....» የፓሪስን የ1968 የተማሪዎች አመፅ አይቶ የተሠራ ነው?

አይደለም። ጽሑፉን ዴቪድ ሸርዊንና ጆን ሃውሌት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ሁለቱም አዳሪ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፤ የደረሰባቸውን ነው የጻፉት። ቀረጻውም የተጀመረው ፓሪስ ከመነሳቷ በፊት ነው። ከቦታዎቹ ዋናው ቸልተንሃም ኮሌጅ ነው፤ አንደርሰን ራሱ የተማረበት። በነገራችን ላይ በዚያው ሰሞን፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1960፣ ስድስት ኪሎ ተማሪዎች የፋሽን ትርኢት ተቃውመው ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደርሷል። አንዱ ከሌላው አልቀዳም፤ ዘመኑ ነው። የፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1968 በፓሪሱ አመፅ ምክንያት ተቋርጦ ነበር። በ1969 ሲከፈት ትልቁን ሽልማት ለማን ሰጠ? ለ«ኢፍ....»።

ሚክ ደጋግሞ የሚያጫውተው መዝሙር የአፍሪካ ይመስላል። የየት ነው?

የኮንጎ ነው። «ሚሳ ሉባ» ይባላል፤ ጊዶ ሃዘን የተባሉ ቤልጂየማዊ ቄስ ያቋቋሙት መዘምራን በ1958 የቀረጹት ቅዳሴ። ሚክ የሚወደው «ሳንክቱስ» የሚለውን ክፍል ነው። ቤተ ክርስቲያን ለምታዘወትሩ ቃሉ እንግዳ አይደለም፤ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ጸባዖት» የሚለው ነው፣ በላቲን።

መጨረሻው እውን ነው ሕልም? ደግሞስ ዛሬ ተማሪ በተማሪ ላይ በሚተኩስበት ዘመን እንዴት ይታያል?

ከመሐሉ ጀምሮ ፊልሙ እውነታውን እየለቀቀ ይሄዳል። ወታደራዊ ልምምድ ላይ ሚክ የትምህርት ቤቱ ቄስ ላይ ይተኩሳል፤ ቀጥሎ ቄሱ ከቁም ሣጥን መሳቢያ ውስጥ ብድግ ብለው ልጆቹን ይጨብጣሉ። ይህንን ያየ ሰው መጨረሻውን እንደ ዜና አያየውም። ርዕሱ ራሱ «ቢሆንስ....» ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን በዚህ አልሸፋፍነውም። ወጣት ሆኜ ሳየው አጨብጭቤ ነበር። ባለፈው ወር ሳየው እጄ አልተነሳም። ርዕሰ መምህሩ «ልጆች፣ ስሜታችሁ ይገባኛል፣ እመኑኝ» እያሉ ወደፊት ሲመጡ ግንባራቸው ላይ በጥይት ይመታሉ። ድሮ ያሳቀኝ ቦታ ነው።

የ13 ዓመት ልጄ ካላየሁ ብሎ አስቸግሮኛል። ላሳየው?

«ኢፍ....»ን አይሆንም። እርቃንም ደምም አለበት፤ እንግሊዝም ሲወጣ ለትልልቆች ብቻ ነበር የፈቀደችው። የፈረንሳዩን ግን መጀመሪያ ብቻሽን እይውና ከተስማማሽ አብራችሁ እዩት። ከ40 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ትራሶቹን ግን ቀድመሽ ደብቂ።