ካፌ መቀመጥ ለሰለቻት እህት፦ ከቦታው በፊት ቀን ቁረጡ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለጠያቂዋ። ጥያቄዋን ላላያችሁት ባጭሩ፦ 25 አመቷ ነው፣ ስራ ከያዘች ወዲህ ከግቢ ጓደኞቿ ጋር የሚገናኙት ወይ ካፌ ነው ወይ ሰርግ ላይ፣ ካፌም ቁጭ ብለው ሁሉም ስልኩን ነው የሚነካካው። እና አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ብር ሳናወጣ ምን እየሰራን ፈታ እንበል፣ አብዛኞቻችን ደግሞ ስፖርት ላይ ዜሮ ነን፣ ልዩ ጫማስ መግዛት አለብን ወይ ነው ያለችው።

እህቴ፣ ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች የቦታ ስም ደርድረውልሻል፣ እንጦጦ፣ ወንጪ፣ ቢሾፍቱ ምናምን። ልክ ናቸው ግን የእናንተ ችግር ቦታ አይመስለኝም፣ ቦታማ ሞልቷል። "አንድ ቀን እንሂድ" የሚባለው ቀን ነው የማይመጣው። ግሩፕ ይከፈታል፣ ስም ይወጣለታል፣ ሁለት ሶስት ቀን ስቲከር ይጎርፋል፣ ከዛ አንዷ "በናታችሁ የዛሬ ሳምንት ይሁን" ትላለች፣ የዛሬ ሳምንት ደግሞ ሌላው ክርስትና አለበት፣ በቃ ከዛ በኋላ ግሩፑ የሚነቃው ለመልካም ልደት ብቻ ይሆናል።

እኛን ከዚህ ያወጣን ዕቁብ ነው። ቀልዴን አይደለም፣ የምር ዕቁብ፣ ዳኛ ያለው ጸሐፊ ያለው። በየወሩ ሁሉም እኩል ያዋጣል፣ መጠኑ ደሞዙ ትንሽ የሆነው ልጅ ሳይሳቀቅ የሚከፍለው ነው (ይቺን ልብ በይ፣ ደህና የሚከፈለው ልጅ መጠኑን ከወሰነ ሰው ቀስ እያለ መጥፋት ይጀምራል፣ ብር የለኝም ብሎ የሚነግርሽ ግን የለም፣ "ስራ በዛብኝ" ነው የሚልሽ)። ዕጣ የወጣለት ሰው ታዲያ ብሩን ኪሱ አይከትም፣ የዛን ወር ጉዞ ይመርጣል፣ ብሩ ለመኪናና ለምግብ ይውላል። የመረጠውን ማንም አያጉረመርምበትም፣ እኔ ዋና አልወድም ፈረስ እፈራለሁ ብሎ ነገር የለም፣ ትሄጃለሽ፣ ያንቺም ተራ ይደርሳል። ከወሩ ጉዞ ሌላ በየአስራ አምስት ቀኑ እሁድ ጠዋት አለ፣ እሱ በእግር ስለሆነ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። የቀረ ይቀጣል፣ ቅጣቱ የቁርስ ነው። ለቅሶ፣ ህመምና የስራ ሺፍት ብቻ ናቸው ምክንያት፣ "አላርሙ አልጮኸም" ዳኛዋ ጋ አይቀርብም፣ ዳኛዋ ደግሞ ከመሃላችን ቋጣሪ የምትባለዋ ልጅ ናት፣ ሆን ብለን ነው የመረጥናት። ለምን እንደሰራ ልንገርሽ፣ የኛ ሰው ቀጠሮ ቢያስቀር "ይቅርታ በቃ" ብሎ ያልፋል፣ ዕቁብ አቋረጠ መባልን ግን ይፈራል።

ለመጀመሪያ ቀን እንጦጦን የሚያህል የለም። ሽሮ ሜዳ ድረስ በታክሲ፣ ከዛ ሽቅብ በእግር፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው። ከተማው ራሱ ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ እንጦጦ ጫፉ ከ3000 ያልፋል፣ ስለዚህ ቢሮ ተቀምጦ የከረመ ሰው እዛ ዳገት ላይ ልቡ ጆሮው ውስጥ ሲመታ ቢሰማው አይደንግጥ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው፣ አትሌቶቹም ጠዋት ጠዋት እዛ የሚለማመዱት ለዚሁ ነው። ቆም ማለት፣ ውሃ መጎንጨት፣ መቀጠል። አስም ወይም የልብ ነገር ያለበት ልጅ ካለ ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ይሄ በ"አይዞህ" የሚታለፍ አይደለም።

ሌላው ህጋችን፣ ከፊት የሚሄደው ቀርፋፋው ነው። ፈጣኖቹ ከፊት ከሄዱ ምን ይሆናል መሰለሽ፣ ላይ ወጥተው ተቀምጠው አርፈው ይጠብቃሉ፣ ቀርፋፋዋ እያለከለከች ስትደርስ "በቃ መጣችሁ እንሂድ" ብለው ብድግ ይላሉ፣ ማለትም እረፍት የሚያስፈልጋት ልጅ ብቻ ነው ሳታርፍ የምትውለው፣ እሷ ደግሞ በቀጣዩ እሁድ አትመጣም። ቀርፋፋዋ ስትመራ ፈጣኖቹ ትንሽ ይቁነጠነጣሉ ከዛ ወሬ ይጀምራሉ፣ ጉልበታቸውን በወሬ ነው የሚጨርሱት።

እኛ አንዲት ሊትር ውሃ ከብዳን ስናለከልክ ከላይ የባህር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ወገባቸውን አጉብጠው በሩጫ የሚወርዱ እናቶች ያጋጥሙሻል፣ ሸክሙ ወደ ጎን መንገዱን ሙሉ ነው የሚይዘው፣ ቶሎ ገለል በይላቸው፣ ሰላም በይ፣ ስልክ አውጥተሽ እንዳትቀርጪያቸው፣ እነሱ ስራ ላይ ናቸው። አንዷ እናት አንድ ጊዜ እኛን በላብ ተጠምቀን ሲያዩን ሸክማቸው እንዳለ ቆም ብለው "ልጆቼ ማን አሳደዳችሁ?" አሉን። እስካሁን ሰው ሲደክመው ማን አሳደደህ ነው የምንባባለው።

ስንቅ በተመለከተ በሶ ያዙ፣ ሌላ የታሸገ ነገር አትግዙ። ሰፋ ያለ አፍ ባለው ጠርሙስ መጀመሪያ ውሃና ማር፣ ከዛ በሶ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ መናጥ። ዱቄቱ ቀድሞ ከገባ ስሩ ላይ ጠጥሮ ይቀራል፣ ጫፍ ላይ ቆመሽ በእንጨት ስትጎረጉሪ ነው የምትውይው። ጾም ሲሆንም አያስቸግርም፣ በጾም ማር አልበላም ለሚል ሰው በስኳር። ቆሎ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይዞ ይመጣል፣ አይጠየቅም።

ከእንጦጦ መልስ ፍልውሃ መግባት የሚባል ነገር አለ፣ ይሄን የሚያውቁት ትላልቅ ሰዎች ብቻ እየሆኑ መጡ መሰለኝ። ከፍለሽ፣ ወረፋ ጠብቀሽ፣ ከመሬት በሚወጣው ፍል ውሃ እግርሽን ስትዘፈዝፊው ዳገቱን ትረሺዋለሽ። ወረፋው ራሱ ጨዋታ ነው፣ ጎንሽ ወገባቸውን የሚያማቸው አባት ይቀመጡና የድሮ አዲስ አበባን ሲተርኩልሽ ተራሽ እንዳይደርስ ትመኛለሽ። አዲስ አበባ ራሷኮ እንዲህ ነው የተቆረቆረችው፣ እነ ምኒልክ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወረድ ሲሉ እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፣ 1879 ዓ.ም ላይ እዚህ ቤት ይሰራ አሉ። ስለዚህ እኛም የእቴጌን ፕሮግራም ነው የያዝነው እያልን ራሳችንን እናሞካሻለን።

እግር ኳስ። በሰዓት የሚከራዩ አርቴፊሻል ሳር ያላቸው ትናንሽ ሜዳዎች አሁን ብዙ ሰፈር አሉ፣ ለሰው ሲካፈል ከካፌ ሂሳብ አይበልጥም፣ የማታው ሰዓት ይወደዳል የጠዋቱ ይረክሳል። ሴትና ወንድ ቀላቅላችሁ ተጫወቱ ግን ህግ አስቀምጡ፣ እኛ ጋ ጎል የሚቆጠረው ኳሷ ቢያንስ አንድ ሴት ነክታት ካለፈች ነው፣ ይሄን ካላደረጋችሁ ወንዶቹ እርስ በርስ ሲቀባበሉ ሴቶቹ ሜዳ ውስጥ ቆመው ተመልካች ይሆናሉ። ኳስ የማይወድ ካለ ቮሊቦል ይቀላል፣ ሁለት እንጨትና ገመድም ይበቃል። ክረምት ሲሆን ሜዳው ውሃ ስለሚያቁር ጆተኒ ቤት እንሰበሰባለን፣ አክቲቭ ሆቢ ነው ወይ ብትይኝ፣ እኛ ሰፈር ልጆች የሚጫወቱትን ብታይ አትጠይቂም፣ ሸሚዝ ነው የሚያወልቁት።

ልምምዱ እንዳይሰለች የሚጠበቅ ነገር ያስፈልጋል፣ ለኛ ታላቁ ሩጫ ነው። ህዳር 1994 ዓ.ም ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ነበር፣ ኃይሌ ራሱ ሮጦ አሸነፈ፣ አሁን ከ40 ሺህ በላይ ነው የሚወጣው። 10 ኪሎ ሜትር ነው ግን አትፍሪ፣ ከኋላ ያለው ህዝብ አይሮጥም፣ ይጨፍራል፣ እየዘፈነ በእግሩ የሚጨርስ ብዙ ነው። ቲሸርቱን ቀደም ብላችሁ ግዙ፣ ቶሎ ያልቃል። መስከረም ላይ ቀስ ብሎ መሮጥ ከጀመራችሁ እስከ ህዳር ማንም ይደርሳል፣ መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ መራመድ፣ በየሳምንቱ የሩጫውን ማስረዘም። እኛ ጋ ከፌርማታ ፌርማታ መሮጥ የማትችል ልጅ በዚህ ነው የጨረሰችው፣ ሜዳሊያውን ቢሮዋ ኮምፒውተር ላይ ሰቅላዋለች፣ አለቃዋ ሳይቀር ጠይቋት ተመዝግቧል።

ከከተማ ስትወጡ መጀመሪያ መንገዱን ጠይቁ፣ የቦታውን ሰው ወይም በዛ መስመር የሚሰራ ሹፌር፣ ዛሬ ሰላም ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፣ ሰላም ካልሆነ ዕጣ የወጣለት ሰው ሌላ ይምረጥ። ሰላም ሲሆን የመናገሻ ሱባ ጫካ ለኔ አንደኛ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ነው፣ ጽድና ዝግባው አንገትሽን እስኪያምሽ ቀና ብለሽም ጫፉ አይታይሽም፣ ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከላይ ያዩሻል። ዝናብ ከነበረ ግን ጭቃው አይጣል ነው። አንዱ ጓደኛችን በነጭ ስኒከር መጥቶ፣ ለሴቶቹ እጁን እየሰጠ "ቀስ በይ፣ እዚህ ጋ ያንሸራትታል" እያለ ሲያሻግር ቆይቶ ራሱ ሄደ፣ ቁጭ ብሎ ነው የተንሸራተተው፣ እስከ ታች። ከዛ ቀን ጀምሮ ስሙ ጭቃ ሹም ነው። ሰርጉ ላይ ሚዜዎቹ በማይክ ጭቃ ሹም ሲሉት የሚስቱ ዘመዶች የምር ሹመት መስሏቸው ነበር።

ወንጪም አሪፍ ነው፣ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ግን ጨለማ ሳይለቅ መነሳት አለባችሁ። በ2021 እ.ኤ.አ. ከአለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ከተመረጠ ወዲህ ሰው በዝቶበታል። ወደ ሐይቁ በእግር መውረድ፣ ሲደክም ለመውጫው ፈረስ መከራየት፣ ዋጋውን ፈረሱ ላይ ሳትወጪ ተስማሚ። ቢሾፍቱ ከሆነ የሚቀዘፍ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ግዴታ ነው በሉ፣ እነዛ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆኑ ከዳር ትንሽ ራቅ ስትይ ወዲያው ነው የሚጠልቁት፣ ዋና እችላለሁ የሚል ጎረምሳ ደግሞ ሁሌም አይጠፋም።

ሴቶች ለሆናችሁ አንድ ነገር። ቤተሰብ "ከነማን ጋር ነው፣ ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ" የሚል ጣጣ አለው፣ የኔ እናት በተለይ። የፈታነው በመዋሸት አይደለም፣ ጓደኞቼን በተራ ቤት ቡና አጠጣኋቸው፣ ስማቸውንና ሰፈራቸውን አወቀች፣ አሁን እኔ ልቅር ስል "ልጆቹ ብቻቸውን ሊሄዱ ነው?" ትለኛለች። የሹፌሩን ስልክ ቁጥርና የመኪናውን ታርጋ ደግሞ ለቤተሰብ ሰጥታችሁ ውጡ፣ ይሄ ለወንዶቹም ነው።

ፎቶን በተመለከተ ትንሽ የሚያስኮርፍ ህግ አለን። በአንድ ጉዞ ፎቶ የሚያነሳው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ በተራ፣ የሌላው ስልክ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሁሉም ሲያነሳ ሁሉም አንድ አይነት ሰልፊ ነው ያለው፣ አንድ ሰው ሲያነሳ ግን ሰው በሶ ሲንጥ፣ ጫማ ሲያስር፣ ሲጣላ ሁሉ ይገኛል። ከዛ አመት ሲያልቅ መርጠን ፎቶ ቤት እናሳትማለን፣ በወረቀት፣ በአልበም። የስልኩ ፎቶ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል፣ ሸገር ላይ ደግሞ ታውቂዋለሽ። አልበሙ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ያየው ሁሉ ከስሩ በእስክሪብቶ ይጽፍበታል፣ አንዳንዱ ስድብ ነው።

በመሃል ሰው ይሄድብሻል። አንዱ ዲቪ ይደርሰዋል፣ አንዷ ዱባይ ስራ ታገኛለች፣ አንዱ ያገባና እሁድ የሚስቱ ይሆናል። ያገባውን ከነሚስቱ አምጡት። የሄዱት ደግሞ እዛም ቢሆን የሚሰበሰቡበት አያጡም፣ አሜሪካ የገባው ልጃችን በየአመቱ በጁላይ አካባቢ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የሚያዘጋጀውን የእግር ኳስ ውድድር ቀን ቆጥሮ ነው የሚጠብቀው፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ከየስቴቱ ሰው ይመጣል፣ እሱም የግቢ ልጆችን እዛ ነው የሚያገኘው። ዕቁቡን ግን አላቋረጠም፣ ከዛ ሆኖ ይከፍላል፣ ዕጣ ሲወጣለት ሆን ብሎ ዳገት ይመርጥልናል፣ ቪዲዮ ኮል አድርጎ ስናለከልክ እያየ ይስቃል።

ጫማውን ልረሳው ነበር። ለእንጦጦ ልዩ ጫማ አትግዢ፣ ያለሽ ስኒከር ሶሉ ካላለቀ ይበቃል። ለመናገሻና ለወንጪ ግን ጥርስ ያለው ሶል ያስፈልጋል፣ እሱንም አዲስ አትግዢ፣ ሰልባጅ ላይ ታገኛለሽ፣ ስትመርጪ ገልብጠሽ ሶሉን በጥፍርሽ ተጫኚው፣ ደርቆ እንደ ድንጋይ ከሆነ ተይው፣ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ይገነጠላል። ቁጥሩን ደግሞ በወፍራም ካልሲ ለኪ፣ ቁልቁለት ላይ አውራ ጣትሽ ፊቱን ከነካ ጥፍርሽ ይጠቁራል። ካልሲው የጥጥ ባይሆን ይመረጣል፣ ላብ ይዞ ውሃ ያቋጥራል።