የፖኮክን ጀልባ ፋይበር ግላስ ላልብሳት?

ሲያትል የሚኖር አንድ አንባቢ ጻፈልኝ። ጋራዡ ውስጥ 8 ሜትር የምትጠጋ አሮጌ የእንጨት ጀልባ አለችው። የአንድ ሰው የእሽቅድምድም ጀልባ ናት። አንድ የቀዘፋ ክለብ መጋዘኑን ሲያጸዳ «ከፈለግህ ውሰዳት» ብለው በነፃ ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከጀልባ ሠሪው ከጆርጅ ፖኮክ ሱቅ የወጣች ናት ብለውታል። ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ከታች ሁለት ረጃጅም ስንጥቆች አሉ። ጎኗ ላይ ጡጫ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። እዚህም እዚያም ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከላይ ደግሞ የተቀደደ ጨርቅ። ሁለቱ ጫፎቿ ወደ ላይ ቀና ብለዋል።

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ ጫፎቹን ክብደት ጭኜባቸው ላስተካክላቸው? ቫርኒሹን በኤሌክትሪክ መፈግፈጊያ (ሳንደር) ልላጠው? ከዚያ ፋይበር ግላስና ኢፖክሲ ከውጭ አልብሻት ብገላገልስ?» (ፋይበር ግላስ ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ነው፤ ኢፖክሲ ደግሞ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ኮላ።)

ወንድሜ፣ ሦስቱንም ተው። በተለይ የመጀመሪያውን። ክብደቱን እስካሁን ጭነህ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጠህ መጀመሪያ ሄደህ አንሳላት።

ጫፎቿ ቀና ያሉት ስለታመመች ላይሆን ይችላል። አሠራሯ ነው። ፖኮክ እንግሊዛዊ ነበር፤ አባቱ ለኢተን ትምህርት ቤት ጀልባ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ከወንድሙ ጋር ወደ ካናዳ ተሻገረ። ከዚያ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የቀዘፋ አሠልጣኝ ወደ ሲያትል ጠራው። በመሀል ቦይንግ ገብቶ ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች የእንጨት ተንሳፋፊ ሠርቷል። በኋላ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ለጀልባ ቆዳ፣ ማለትም ለውጭ ልባሷ፣ የአሜሪካን ሰሜን ምዕራብ ዛፍ፣ ቀይ ሴዳርን መረጠ። (ሴዳር ስል የኛን ዝግባ አታስብ። መጽሐፍ ቅዱሳችን የሊባኖሱን ሴዳር ዝግባ ስለሚለው ብዙ ሰው ይምታታበታል። አገር ቤት የምናውቀው ዝግባ ሌላ ዛፍ ነው፤ ይህኛው ቀይ ሴዳርም ከሁለቱም የተለየ ነው።)

ፖኮክ ቀጭኑን የሴዳር ቆዳ በእንፋሎት አለስልሶ በአጽሙ ላይ ያጣብቀዋል። ቆዳው በኋላ ከአየሩ እርጥበት ሲጠጣ መርዘም ይፈልጋል። አጽሙ ግን አይለቀውም። ከታች ያለው ቆዳ ሲገፋ ጫፎቹ በስሱ ቀና ይላሉ። እንደ ተወጠረ ቀስት ማለት ነው። ጀልባዋ ውሃ ላይ ሕያው የምትሆነው በዚህ ውጥረት ነው። አንተ በብሎኬት ተጭነህ «ብታስተካክላት» ይህን ውጥረት ትሰብረዋለህ። ምናልባት አጽሙንም ጭምር።

ግን ቀና ማለት ሁሉ ጤና ነው አላልኩም። ለዓመታት ጫፍና ጫፏ ብቻ ተደግፎ የተቀመጠች ጀልባም ወገቧ ይረግባል፤ ያኔም ጫፎቹ ቀና ያሉ ይመስላሉ። መለየት ቀላል ነው። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ቀጭን ክር ወጥር። በየግማሽ ሜትሩ ከክሩ እስከ እንጨቱ ለካና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ጨምሮ ቀስ እያለ ከቀነሰ ተዋት። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከዘለለ፣ እዚያ ጋ የተሰበረ ወይም ኮላው የለቀቀ ነገር አለ። ባትሪ ይዘህ ውስጧን እይ። ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የያዘው ረጅም እንጨት ተሰንጥቆ፣ ወይም ከጎድኖቹ አንዱ ከቆዳው ተላቆ ታገኛለህ። ጠምዘዝ ማለቷን ለማወቅ ደግሞ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች በጠርዞቿ ላይ አግድም፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ አስቀምጥ። ከአንዱ ጫፍ ጎንበስ ብለህ በአንድ ዓይን አነጣጥር። ሁለቱ ዘንጎች ካልተጋጠሙ ተጣማለች።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በወጉ አስቀምጣት። ወለል ላይ አይደለም፣ ባለ ጠርዝ ጣውላ ላይም አይደለም። ሁለት የእንጨት መቆሚያዎች ሥራና ሰፊ ቀበቶ እንደ ሐሞክ፣ እንደ ተንጠልጣይ አልጋ፣ አርግበህ ዘርጋባቸው። ከእያንዳንዱ ጫፍ 2 ሜትር ገባ ብለህ አቁማቸው። ትንሽ የረገበች ወይም የተጣመመች ጀልባ በትክክል ተደግፋ አንድ ወር ብታርፍ በራሷ ብዙ ትመለሳለች። የጋራዡን ማሞቂያ በሷ ላይ አታዙርባት። ቀጭን ሴዳር ድንገት ሲደርቅ «ቀጭ» ብሎ ይሰነጠቃል። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ወደ ሳንደሩ። የዚች ጀልባ ቆዳ ውፍረት 2.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሦስት የባንክ ካርድ ቢደራረብ ያህል ነው። ያውም አዲስ ሳለች። ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው ፈግፍጓት እንደሆነ ማን ያውቃል? እኔ የመጀመሪያዋን አሮጌ ጀልባ ስይዝ እንዳንተ ቸኩዬ ነበር። ክቡን ሳንደር ለኩሼ፣ ሙዚቃ ከፍቼ፣ ደስ ብሎኝ ስፈገፍግ ከስር ብርሃን ታየኝ። መጀመሪያ የመሰለኝ የአምፖሉ ነጸብራቅ ነው። አልነበረም፤ ቆዳውን በስቼ ወለሉን እያየሁ ነው።

ስለዚህ በእጅ ነው። መፋቂያ ብረት ያዝ፤ ስለቱ ቀጥ ያለ፣ ሁለቱ ማዕዘኖቹ ግን በሞረድ የተድቦለቦሉ ይሁኑ። ሹል ማዕዘን ሴዳር ላይ ቦይ ይቆፍራል። የእንጨቱን መስመር ተከትለህ ወደ ራስህ ጎትት። በየአምስት ደቂቃው ሳል። ስለት የሌለው መፋቂያ እንድትጫን ያስገድድሃል፤ የምትጫነው ደግሞ ቀጭን ቆዳ ነው። ሌላኛው እጅህን ከውስጥ በኩል ደግፍ። ቫርኒሹ ሲያልቅ 150 ቁጥር፣ ቀጥሎ 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በለስላሳ ስፖንጅ ላይ ጠቅልለህ ጨርስ። የሙቀት ጠመንጃ አልመክርም። ቫርኒሹን ያነሳል፣ ግን የአሮጌውን ኮላ ነገር አታውቅም፤ ሴዳሩም ቶሎ ያርራል።

ማስክ! የጨርቁን አይደለም፣ የእንጨት ብናኝ የሚያጣራውን። የቀይ ሴዳር ብናኝ ፕሊካቲክ አሲድ የሚባል ነገር አለው፤ አስም ያስይዛል። እዚህ አካባቢ በእንጨት ሥራ የኖሩ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ሽታው ደስ ስለሚል ሰው ይዘናጋል።

ጥቁሩ ነጠብጣብ ብዙ አያስጨንቅ። ብረትና እርጥበት ከእንጨቱ ጋር ሲገናኙ የሚሠሩት ቀለም ነው። ማግኔት አስጠጋ። ምስማሩ ወይም ቪቱ ማግኔቱን ከሳበ፣ አንድ ሰው ከጊዜ በኋላ ብረት መትቶባታል ማለት ነው። አውጣና በነሐስ ተካ። ነጠብጣቡን በኦክሳሊክ አሲድ ታነጣዋለህ፤ ዱቄቱን በሙቅ ውሃ አሟሟ፣ በብሩሽ ቀባ፣ ሲነጣ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥበህ አድርቅ። ጓንት አትርሳ፤ ሳይታጠብ የደረቀውንም አትፈግፍግ፣ ብናኙ መርዝ ነው።

ስንጥቁ ላይ ጊዜ እንውሰድ፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ የት እንደሚያልቅ ፈልግ። ዓይን ያታልላል። በጨርቅ አልኮል አርጥበህ አካባቢውን ጥረግ። እንጨቱ ወዲያው ሲደርቅ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ይዘገያል፤ እንደ ጥቁር ክር ይታይሃል። ጫፎቹን በእርሳስ ምልክት አድርግ። ከውስጥ በኩል፣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ 3 ሴንቲሜትር ያህል ቫርኒሹን አንሳ። ከውጭ ሰፊ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ለጥፍ፣ ኮላው እንዳያመልጥ። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ እንጨቱን ለብ አድርገው። ማድረቂያውን አጥፋና ወዲያው ቀጭን ኢፖክሲ ቀባበት። እንጨቱ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ኢፖክሲውን ይስበዋል። በጣትህ ከላይ ከታች በስሱ እያነቃነቅህ አጠጣው። ሲጠግብ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው በጣም ስስ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ከውስጥ አልብሰው። ላስቲክ፣ በላዩ ስፖንጅ፣ በላዩ ትንሽ የአሸዋ ከረጢት። ሞርሳ አያስፈልግም፤ ሞርሳ ያደቃታል።

«ፋይበር ግላስ ተው አላልክም?» ትለኛለህ። ከውስጥ እንደ ፋሻ አንድ ቀጭን ስትራፕ ሌላ ነገር ነው፤ ሙሉ ካፖርት ማልበስ ሌላ ነው። እስቲ አስላው። የቆዳው ስፋት 4 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። መካከለኛ ጨርቅ ከነኢፖክሲው በካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ ይይዛል። 2 ኪሎ ጨመርክ ማለት ነው፤ ሙሉ ክብደቷ 15 ኪሎ አካባቢ በሆነች ጀልባ ላይ። ይህ አንድ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ አንዱ ፊቷ ድርቅ ያለ ቅርፊት ለብሶ ሌላኛው እርጥበት ሲጠጣ ቆዳው በሁለት ሐሳብ ይጎተታል። ያ የተወጠረ ቀስት ያልኩህ ነገር ይሞታል። ሦስተኛ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ሊጠግናት ቢፈልግ ሴዳሩን ሳይቀድ ያንን ልብስ አያወልቀውም።

ቀዳዳዋ መጣፍ ትፈልጋለች። በአራት ማዕዘን አትቁረጣት። ረዘም ያለ የዓይን ቅርጽ፣ ጫፎቹ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ይሁኑ። መስመሩን በቀጥታ የሚያቋርጥ ቁራጭ ሁሌ ደካማ ነው። ጠርዙን ከውጭ በኩል በአንድ ለአሥር ተዳፋት አድርገው፤ ለ2.4 ሚሊሜትር ቆዳ 24 ሚሊሜትር የሚረዝም ተዳፋት ነው። በትንሽ መላጊያና ብርጭቆ ወረቀት በለጠፍክበት ጣውላ ይሠራል። ለጥገናው ሴዳር አትቸገርም፤ ሲያትል ነው ያለኸው፣ እንደ ልብ ነው። መስመሩ ጥቅጥቅና ቀጥ ያለውን ጣውላ መርጠህ 3 ሚሊሜትር አድርገህ አስቀድደው። በፈላ ውሃ በተነከረ ፎጣ ጠቅልለህ አለስልስ፣ ከጀልባዋ ጎን ጋር በፕላስተር አስረህ አንድ ቀን አድርቀው። ቅርጹን ይይዛል። ከዚያ የእሱንም ጠርዝ ተዳፋት አድርግና በወፈረ ኢፖክሲ አጋጥመው፤ ከውስጥ ላስቲክ የለበሰ ደጋፊ አድርግለት። ሲጠነክር ፊቱን በለብ ያለ ውሃ እጠብ፤ ኢፖክሲ ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም መሳይ ነገር ይተዋል፣ ቫርኒሽም ብርጭቆ ወረቀትም አይወድም። ትርፉን በመፋቂያ አስተካክል።

የላይኛውን ጨርቅ የትናንሽ አውሮፕላን ክንፍ በሚለብሰው ቀላል ፖሊስተር ቀይረው። ጠርዙን አጣብቅ፣ ከዚያ በካውያ በዝቅተኛ ሙቀት፣ 120 ዲግሪ ገደማ፣ እስኪወጠር ተኩሰው። ከበሮ እስኪሆን አይደለም፤ በጣም ከተሳበ ቀጫጭኑን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጎትታል።

ቫርኒሹ ላይ ሰው ሁሉ የራሱ ሃይማኖት አለው። የኔ ይኸው፦ የጀልባ ቫርኒሽ፣ ፀሐይ የሚከላከል። የመጀመሪያውን ቅብ ግማሽ በግማሽ በአኳራጅ አቅጥነው፤ እንጨቱ ይጠጣዋል። ቀጥሎ አራት ወይም አምስት ቅብ፣ በየመሀሉ አንድ ቀን አድርቀህ በ320 ቁጥር ፈግፍግ። ኢፖክሲ የነካው ቦታ ሁሉ መሸፈን አለበት፣ ፀሐይ ይገድለዋል። የተጠቀምክባቸውን ጨርቆች ጠቅልለህ ቅርጫት ውስጥ አትጣል። ቫርኒሽ የጠጣ ጨርቅ ተከምሮ ራሱ ይሞቅና ይነዳል። ደጅ ዘርግተህ አድርቃቸው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከጥገናው ጋር አይገናኝም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1936 በርሊን ኦሎምፒክ፣ ሂትለር ቁጭ ብሎ እያየ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ስምንት ቀዛፊዎች ከነመሪያቸው ፖኮክ በሠራት «ሃስኪ ክሊፐር» ወርቅ ወሰዱ። በ0.6 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ የወጣችው ማን መሰለችህ? ጣሊያን። ጦሯ አዲስ አበባ ከገባ ገና ሦስት ወር ከምናምኑ ነበር። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሴዳር ስልግ እጄ አይደክመኝም። ጀልባዋን ዛሬም እዚያው ሲያትል፣ ዩኒቨርሲቲው የቀዘፋ ቤት ውስጥ ተሰቅላ ታያታለህ። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ሂድና ከሥሯ ቆመህ የጫፎቿን ቀና ማለት አስተውል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ላልከው፣ ማታ ማታና ቅዳሜ እየሠራህ ከሆነ እስከ ፀደይ ያዝ። ስትጨርስ ወደ ግሪን ሌክ ሐይቅ ውሰዳት፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት። ስታነሳ ቆዳዋን አትያዝ፤ መቅዘፊያውን የሚሸከመው ብረት የታሰረበት ጋ ያለውን አጽም ያዝ። ከመቀመጥህ በፊት ባዶዋን ውሃ ላይ አሥር ደቂቃ አቆይና ውስጧን በደረቅ ጣትህ ዳስስ። እርጥብ ያገኘኸውን ቦታ በእርሳስ አክብና ጻፍልኝ።