ስለ ቤት መኪና ጎማ የጠየቃችሁኝ

ክረምቱ ሊገባ ነው፣ ጎማውም ተወዷል። ጥያቄ ካላችሁ አምጡ ብዬ ነበር፤ እናንተም አልሰሰታችሁም። ጎማ ስሸጥና ስቀይር የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን የምሸጥላችሁ ነገር ስለሌለኝ የመሰለኝን በግልጽ እናገራለሁ። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከአያት)፦ ቪትዝ ነው የምነዳው። ሰው ሁሉ «ከአዲስ ቻይና ያገለገለ ጃፓን ይሻልሃል» ይለኛል። ዋጋውም ቀለል ይላል። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ አዲሱን ግዛ ወንድሜ። ይህን ስል የሚቆጣ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ይቆጣ። ጃፓን አገር ያንን ጎማ ያወለቀው ሰው በቂ ምክንያት ነበረው። ጎማ ደግሞ ቆሞም ያረጃል። ፀሐይና አየር ላስቲኩን ያደርቁታል፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ እንኳ እንደ ድሮው አስፋልት አይጨብጥም። ይህ በበጋ ላይታወቅህ ይችላል። ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ እየጣለ ፍሬን ስትይዝ ነው የሚገባህ።

ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ኪስ እንደሚጎዳ አይጠፋኝም። የግድ ያገለገለ መግዛት ካለብህ ቢያንስ እንዲህ አድርግ። የጎማውን ማብረቅረቅ እርሳው፤ ቀለም ተቀብቶ ነው። አውራ ጣትህን ጥርሱ መሀል ያለው ቦይ ውስጥ አስገብተህ ጫን በልና ከፈት አድርገው። ቦዩ ወለል ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ካየህ ተወው። ከዚያ ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት) ላይ ከመግባቱ በፊት ውስጡን በመዳፍህ ዙሪያውን ዳብስ። ጥቁር የላስቲክ ብናኝ እጅህ ላይ ከቀረ፣ ወይም ጎኑ ላይ ዙሪያውን የሄደ የተፈተገ መስመር ካለ፣ ያ ጎማ ንፋስ ሳይኖረው ተነድቶበታል። ከውጭ ምንም ቢያምር ውስጡ ያለው ክር ተጎድቷል።

ሌላም ጉድ አለ። ያለቀ ጎማ በጋለ ቢላ ጥርስ ይወጣለትና እንደገና ይሸጣል። ማወቂያው ቀላል ነው። ማንኛውም ጎማ ቦዩ ውስጥ በየቦታው 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለች ትንሽ ጉብታ አለችው፤ ጥርሱ አልቆ ከእሷ እኩል ሲሆን ጎማው አበቃ ማለት ነው። ቦዩ ጥልቅ ሆኖ ጉብታዋ ከሌለች፣ ወይም መሀሏ ከተቆረጠ፣ ቢላ ገብቶበታል። ክሩን የሚሸፍነው ላስቲክ ሳስቷልና በነጻም ቢሰጡህ አትውሰድ።

ጥያቄ፦ የተመረተበትን ቀን እንዴት ነው የማነበው? ሻጩ «የ2019 ነው፣ ገና ነው» አለኝ።

መልስ፦ ጎኑ ላይ «ዶት» በሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጀምረውን ረጅም ጽሑፍ ፈልጉ። መጨረሻው ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። ለምሳሌ 2319 ካለ፣ በ2019 23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ያ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው! በእኛ ግንቦት 2011 አልቆ ሰኔ ሲገባ ይሆናል። ስለዚህ ያ ጎማ «ገና» አይደለም። አራቱ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ነው የሚጻፉት፤ ካላያችሁ አገላብጡት። በፈረንጅ ከ2000 በፊት የተሠሩት ሦስት ቁጥር ብቻ ነበራቸው፤ ሦስት ቁጥር ካያችሁ ዋጋ እንኳ አትጠይቁ። መጋዘን በጥላ ሥር ተቀምጦ አንድ ሁለት ዓመት የሆነው አዲስ ጎማ ግን አያስፈራም። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ማስፈተሽ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ጥርሱ ቢኖርም ማውለቅ ነው፤ ትልልቆቹ አምራቾችም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ መኪናዬ ስትገዛ ከነጎማዋ ነው የመጣችው። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ግን ዝናብ ላይ ይንሸራተታል። ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጎኑን አንብቢው። «ስተድለስ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወይም የበረዶ ቅንጣት ያለበት የተራራ ምልክት ካለው አብዛኛውን ጊዜ የበረዶ ጎማ ነው። ለበረዶ የሚሠራው ጎማ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ በጥርሱ ላይም ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች ሆን ተብሎ ይወጡለታል። ለጃፓን የበረዶ ወቅት የታሰበ ነው። በእኛ የሞቀ አስፋልት ላይ እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል፣ ቶሎ ያልቃል፣ እርጥብ መንገድ ላይም በደንብ አይዝም። ያየሁት ቪትዝ ብዙው እንዲህ ተጫምቶ ነው የገባው። ገንዘብ ስታገኚ መጀመሪያ እሱን ቀይሪ።

ጥያቄ፦ የቪትዜ ጎማ 165/70 አር 14 ነው። አጣሁት። ሱቁ ያለው 175/65 አር 14 ነው። ይሆናል ወይ?

መልስ፦ ይሆናል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 14 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር (ከጫፍ እስከ ጫፍ በመሀሉ ሲለካ) በኢንች። አስሉት፦ የ165ቱ ጎን 115.5 ሚሊ ሜትር፣ የ175ቱ 113.75 ነው። ሙሉው ጎማ ቸርኬውን ጨምሮ አንዱ 587፣ ሌላው 583 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፣ የፍጥነት መቁጠሪያውም አይዛባም። ግን በአንድ አክስል ላይ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ከዚህ ሙሉ ልክ ቀጥሎ ያለውን ቁጥርና ፊደልም እዩ። 82ቲ ማለት አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል፣ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። የፍጥነቱ ነገር ለእኛ ከበቂ በላይ ነው። የክብደቱ ቁጥር ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው እንዳያንስ። ዲዛየር የያዛችሁ ደግሞ ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ አንዱ ሞዴል 165/80 አር 14፣ ሌላው 185/65 አር 15 ነው። ቁመታቸው ቢቀራረብም ቸርኬያቸው ይለያል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ለሁለት ጎማ ብቻ ነው ገንዘብ ያለኝ። ከፊት ላስገባ ከኋላ?

መልስ፦ ከኋላ። ጎሚስታው «መሪ ያለው ፊት ነው፣ ሞተሩም ፊት ነው፣ አዲሱ ፊት ይግባ» ይልሃል። አነጋገሩ ያሳምናል፣ ግን ልክ አይደለም። ውሃ ላይ ፊት ቢንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሪው ይቀልሃል፣ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ይመለሳል። ኋላ ሲንሸራተት ግን መኪናው ዞሮ ፊቱን ወደ መጣበት ያደርጋል። ለዚያ የሚሆን ጊዜም ችሎታም ብዙዎቻችን የለንም። ስለዚህ የተሻለው ጎማ ኋላ፣ ያገለገለው ፊት። የፊቱ ቀድሞ ያልቃል፣ ያን ጊዜ ሁለት ትገዛለህ። አራት የማይረባ ከመግዛት ሁለት ደህና መግዛት ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እስቲ በስም ንገረን፣ የትኛው ብራንድ?

መልስ፦ ብሪጅስቶን፣ ዮኮሃማ፣ ሃንኩክ ካገኛችሁና አቅም ከፈቀደ ምን ጥያቄ አለው። ከቻይናዎቹ ሊንግሎንግ፣ ሳይሉንና ትሪያንግል ትልልቅ ፋብሪካዎች ናቸው፤ ከህንድ አፖሎና ሲያት። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት፣ ሻጩም የማያውቀው ዓይነት ከሆነ ግን እለፉት። ብሪጅስቶን ስለተባለም ጃፓን ተሠራ ማለት አይደለም። ታይላንድና ኢንዶኔዥያም ይሠራል፣ ያ ደግሞ ነውር የለበትም።

ጥያቄ (የራይድ ሾፌር)፦ ቀኑን ሙሉ ነው የምሠራው። ቶሎ የማያልቅ ጎማ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ አንዳንድ ጎማ ጎኑ ላይ «ትሬድዌር» የሚል ቃል ከነቁጥሩ አለው፦ 300፣ 400፣ 500። ከፍ ባለ ቁጥር ቀስ ብሎ ያልቃል። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱን ድርጅት ከሌላው ጋር ማወዳደሪያ አታድርገው፤ የአንዱን ድርጅት ሁለት ጎማዎች ለማወዳደር ግን ጥሩ ነው። አጠገቡ «ትራክሽን» የሚልም አለ፦ ከሁሉ የሚሻለው ሁለት ኤ ያለው፣ ከዚያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። ይህ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ነው። ሲ ያለውን አትግዛ።

የአንተ ጎማ ግን ምናልባት ከብራንዱ ይልቅ በአላይመንት (ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ባለመቆማቸው) ነው የሚያልቀው። አንድ ጠርዙ ብቻ ከተበላ አላይመንት። ሁለቱም ጠርዝ ተበልቶ መሀሉ ከቀረ ንፋስ ያንሰዋል። መሀሉ ብቻ ከተበላ ንፋስ በዝቶበታል። መሪው 80 አካባቢ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ባላንስ (የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል አለመሆን) ነው። ኮብልስቶንና ጉድጓድ ላይ ለሚውል መኪና በ10,000 ኪሎ ሜትር አንዴ ማስፈተሽና ፊትና ኋላን ማለዋወጥ ከአዲስ ጎማ ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ለቁልቢ ስንሄድ አዋሽ ሙቀት ስለሆነ ንፋስ ቀንሱ ይሉናል። እውነት ነው?

መልስ፦ አትቀንሱ! ከሁሉ የሚያስፈራኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ጎማ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ንፋስ አንሶት ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ይሞቃል፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ 100 እየነዳችሁ መኪናው ሰው ሞልቶ ከሆነ ክሩ ይለቃል።

ደግሞ ይህን አስቡ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ። ወደ ቆላ ስትወርዱ የውጩ አየር ስለሚከብድ መለኪያው ወደ 2 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ዝቅ ብሎ ያነባል። ሙቀቱ የሚጨምረውን ቁልቁለቱ ይቀንሰዋል፣ ብዙውን ጊዜ ይጣጣላሉ። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚለውን ሙሉ። ቪትዝና ኮሮላ ላይ ከ30 ትንሽ ከፍ የሚል ነው። መንገድ ላይ ጎማው ግሎ 36 ቢያሳያችሁ አትንኩት።

ጥያቄ፦ ናይትሮጂን ይሞላ ወይ?

መልስ፦ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጂን ነው። በነጻ ካገኛችሁ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጎማዬ ጎኑ ላይ ተበሳ። ጎሚስታው «ከመነዳሪ (ንፋስ የሚይዝ የውስጥ ላስቲክ) እናስገባበትና ይሠራል» አለኝ።

መልስ፦ ሚስማሩ የገባው በመሀል፣ ጥርሱ ላይ ከሆነ ይጠገናል፤ ከተቻለ አውልቆ ከውስጥ መለጠፍ ነው። ጎኑ ግን አይጠገንም። ከመነዳሪው ንፋሱን ይይዛል እንጂ የተቆረጠውን ክር አይቀጥልም። ከዚህም ሌላ ቱብሌስ (ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ) ጎማ ውስጡ ለከመነዳሪ አልተሠራም፤ ይፋተግና ይሞቃል። ወደ ቤት ለመድረስ ብቻ ከሆነ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ከዚያ ጎማውን ጣለው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ስኮርታዬ (ትርፍ ጎማዬ) ቀጭን ናት፣ የብስክሌት ጎማ ትመስላለች። እሷን ገጥሜ አዲስ አበባ ልግባ?

መልስ፦ ለጊዜው ብቻ ናት፤ ጎኗ ላይ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚል ታያለህ። እሷን ገጥመህ እዚያው አዳማ የተበሳውን አሠራ። ሌላው የሚረሳው ንፋሷ ነው፦ 60 ፒኤስአይ ነው የምትፈልገው፣ እንደ ሌሎቹ 32 አይደለም። ጎሚስታው ሲገረም ጎኗ ላይ የተጻፈውን አሳየው።